«ወፍጮው ታች ይተከል»

«ወፍጮው በእኔ ግድግዳ ሥር አይተከልም…»

አይናዲስ ይህን ያለችው በልቧ ነው፣ የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ።

ደብረ ማርቆስ ዳር ያለው አዲሱ ሰፈር ወፍጮ አልነበረውም። እህል የሚፈጨው ገበያ ድረስ ተሂዶ ነው… በባጃጅ፣ ለባጃጅ ያጣ ደግሞ በጀርባው።

አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ሊሰጥ ነው። የፕላን ባለሙያው መሃል ላይ ይሁን ብሎ ነበር፤ ከላይ የሚመጣውም ከታች የሚመጣውም እኩል እንዲራመድ።

መሃሉ ግን… ገና ቀለሙ ያልደረቀው የአይናዲስ ግድግዳ ነው።

ቀኑን ሙሉ ጩኸት፣ ቀኑን ሙሉ ብናኝ… አሰበችው።

መምህርት ናትና ንግግር ታውቅበታለች። ታች፣ ሥራነሽ ቤት አጠገብ ሰፊ ቦታ አለ፣ መኪናም ይገባል አለች።

ሥራነሽ ጎመንና ድንች በየደጁ እያዞረች የምትሸጥ ሴት ናት። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ይሁን» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

ከላይኛው ጫፍ የመጡት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ብቻ፣ «ያን ዳገት በክረምት ዱቄት ተሸክሞ ማን ይወጣዋል?» አሉ።

ተሳቀ… እጅ ወጣ… አለቀ።

ወፍጮው ታች ተተከለ። ወፍጮ ባለበት ሰው አይጠፋም፤ ጉሊቱ ተከተለ። ሻይ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም እዚያው ተከፈተ። ሥራነሽ መዞሩን ትታ ደጃፏ ላይ ተደላደለች።

የአይናዲስ ግድግዳ እንዳማረበት ቀረ። እሷ ግን ለሽንኩርትም ለክኒንም በጭቃ ቁልቁል ወራጅ ሆነች።

አንድ ቅዳሜ እህሏን ይዛ ወረደች። ሰልፉ ረጅም ነው።

ሥራነሽ አየቻት። ጣሪያዋም ቅንድቧም ዱቄት ለብሷል። ተነሥታ እጇን ይዛ ከሰልፉ ፊት አቆመቻት።

«መምህርታችንን አሳልፉልኝ። መሃል ሊሆን የነበረውን ወፍጮ ወደ እኔ ያወረደችልኝ እሷ ናት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የድኻ ስም የጠራ ሌላ ማን ነበር? ልጆቼ የሚበሉት በእሷ ነው… እግዜር ይስጥሽ እህቴ።»

ተራው የእማሆይ ነበር። ማዳበሪያቸውን ወደ ኋላ ጎተት አድርገው፣ «እንዲህ ከሆነማ ትቅደም» አሉ።

አይናዲስ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች…

ሰልፉ ሁሉ ያያታል።

«አሜን» አለች… እህሏንም አስቀደመች።

ወገኖቼ… በሥራነሽ ደጃፍ በረከት መውረዱ የእግዜር ሥራ ነው፤ የአይናዲስ አይደለም።

ሁሉም በእግሩ የሚደርስበት ቦታ በየሰፈሩ አለ። የጠፋው «ብናኙ እኔንም ይንካኝ» የሚል ሰው ነው።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ በዚያ ሰልፍ ፊት እውነቱን ትናገሩ ነበር… ወይስ «አሜን» ትሉ ነበር? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።