ሲበርድ የሚቀላ

ማክሰኞ ጠዋት እቶኑ ሲከፈት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም እትዬ የሚላት እቶን ጠባቂዋ፣ ከረጢት የሚሞላው ቀዮ፣ እና የባለቤቱ ልጅ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ።

እትዬ የቀለሙን ዱቄት በረጅሙ አካፋ ስባ ስታወጣ የሥራ አስኪያጁ ፊት ጠቆረ። ዱቄቱ የተቃጠለ ጉበት ይመስላል።

"አረረ እኮ፣ እትዬ።"

"አላረረም።"

"ለድልድዩ የታዘዘው ቀይ ነው፤ ይኼ ከሰል ነው። ጉድጓድ ይደፋ። አባቴ የመጨረሻ ዕድል ነው ብሏል፤ ካልሆነ እቶኑ ፈርሶ የተዘጋጀ ቀለም ከውጭ እናስመጣለን።"

የእትዬ አባት ያረጁት እዚሁ ነው። ከብረት ፋብሪካ የሚጣለውን አረንጓዴ ጨው ጠብሰው ሲያቀሉት እያየች አደገች። የባቡሩ ፉርጎ፣ የመጋዘኑ በር፣ የየቤቱ ጣሪያ ቀይ ሁሉ ከዚህ እቶን አፍ የወጣ ነው። የድኝ ሽታው ሲያልቅ አውጪ፣ ከዚያ አትቸኩዪ ይሏት ነበር። ዛሬም ያወጣችው ሽታው ሲያልቅ ነው።

አንድ ጭልፋ ዱቄት ብረት ሰሌዳ ላይ ስስ አድርጋ ዘረጋች።

"ትኩስ ሳለ ይዋሻል" አለች። "ትንሽ ይቀመጡ።"

ቀዮ በርሜል ገልብጦ አቀረበ። "ከተቀመጡ ግን ሱሪዎን ይሰናበቱት። ሚስቴ ነጭ አንሶላ መግዛት ከተወች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም፤ አልተቀመጠምም። ጥቂት ቆይቶ ትዕግሥቱ አለቀና ጣቱን ወደ ሰሌዳው ሰደደ።

"እጅህን ሰብስብ" አለች እትዬ። ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እርስዎ ማለቱ ጠፋባት። እሱም እንደ ልጅነቱ ሰበሰበ።

ዱቄቱ ሲበርድ መጀመሪያ የቀላው ዳሩ ነው። ጥቁሩ ወደ መሃል እየሸሸ፣ ቀዩ እግር በእግር እየተከተለው፣ በመጨረሻ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ነጥብ ብቻ ቀረች። እሷም ጠፋች።

ሥራ አስኪያጁ የድልድዩን ናሙና ከኪሱ አውጥቶ ከዱቄቱ ጎን አስጠጋው። ጎንበስ ብሎ አየ። አዙሮም አየ።

"ጉድጓዱ በየት በኩል ነው ያሉኝ?" አለ ቀዮ።

"ዝም ብለህ ከረጢት አምጣ" አለው ሥራ አስኪያጁ።

እስከ ምሳ ሃያ ስምንት ከረጢት ሞሉ፤ የከረጢቱን አፍ የያዘው ሥራ አስኪያጁ ነበር። ከሰዓት በኋላ እትዬ እቶኑን እንደገና ጫነች።