ሐኪሙ ይነግርዎታል

«አየር ይሳቡ… ይያዙት» እላለሁ ከመስታወቱ ጀርባ። ጋሽ እንዳሻው ግን መያዝ ያቅታቸውና ይስላሉ። ምስሉ ተበላሸ።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ደረታቸውን የራጁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። እግራቸው ያረፈው ወለሉ ላይ ራሳቸው ባሰመሩት ምልክት ላይ ነው። እሳቸውም እንደ እኔው የዚህ ክፍል ራጅ አንሺ ናቸው፤ ከበደሳ ለሚመጣው ገበሬም፣ ከሚኤሶ ለሚመጣው ሾፌርም በየቋንቋው «እዚህ ቁም» ማለት ሲሰለቻቸው፣ አንድ ቀን ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ አስቀመጡና ዙሪያውን በቢጫ ቀለም አሰመሩት። ከዚያ ወዲህ ሳንባውን ሊነሳ የሚመጣ ሁሉ ሳይነገረው እዚያ ላይ ይቆማል።

«ድገሚው አቦ» ይላሉ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ። «ሰውን ሁሉ ‹ያዝ›፣ በኦሮምኛም ‹ቀበዱ› እያልኩ ስቆጣ ኖሬ፣ ተራዬ ሲደርስ እኔው አቃተኝ።»

«አይቸኩሉ ጋሼ፤ ትንሽ ይረፉ።»

«ኢንሳፍ እንዴት ናት?»

«ልጄ ደህና ናት። ጥርስ ልታወጣ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ» ይሉኛል። ክርስቲያን ናቸው፤ እኔ ስረሳው ግን የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው።

ይህን በሽታ ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ኮሮና ከተማውን ሞልቶት ነበር። ራጅ ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ጨረር እንዳይወጣ በሩም ይዘጋል። ከሚያስለው ሰው ጋር ያንኑ አየር ነው የምንተነፍሰው። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ እንዳሻው የበሽተኞቹን ካርድ ለሁለት ከፈሉና፣ «የሚያስሉት የእኔ፣ የተሰበሩት ያንቺ። አንቺ የምታጠቢ ነሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ለወጉ እንኳ አልተከራከርኳቸውም። ከባጃጅ የወደቀ ሰው እጅና እግር እያነሳሁ አራት ወር በሰላም ኖርኩ።

እሳቸው ደግሞ ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ራጅ አንሺ ውጤት አይናገርም፤ «ሐኪሙ ይነግርዎታል» ብሎ በሽተኛውን ያሰናብታል። እኔ ይሄ አይሆንልኝም። ምስሉ ካላማረኝ ፊቴ ይለዋወጣል፣ አፌም «አይዞዎት» ይላል፤ በሽተኛው እዚያው ማልቀስ ይጀምራል። በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። የመሥሪያ ቤታችን ሰው ከሆነ ግን ልማዳችን ሌላ ነው። ነርስም ይሁን ዘበኛ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ጠርተን «ና እይ» እንለዋለን። እስካሁን ያላሳየነው ባልደረባ የለም።

«እንሞክር ጋሼ። ይሳቡ… ይያዙት።»

ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይይዙታል። የራጁን ቁልፍ እጫናለሁ።

ምስሉ ይመጣል። ደህና ሳንባ አየር ስለሞላው ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። የጋሽ እንዳሻው ግን በሁለቱም በኩል ከታች እስከ መሐሉ ነጭ ነው፤ ጠዋት ተራራው ላይ እንደሚተኛው ጉም። እሳቸው ቤት ከዋሉ ወዲህ ባሉት ስምንት ቀናት እንዲህ ያለ ስድስት አንስቻለሁ። አራቱ ተቀብረዋል።

«መጣ?» ይላሉ።

«መጣ።»

«ልምጣ ልየው?»

ወንበሬን ገፋ አድርጌ «ይምጡ» ልላቸው አፌን እከፍታለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሳንባ ሲያዩ የኖሩ ናቸው፤ አንዴ ካዩት ምን እንደሚጠብቃቸው ከሐኪሙ እኩል ያውቁታል።

«ሐኪሙ ይነግርዎታል» እላለሁ።

ድምፄ አልተሰበረም። ፊቴም አልተለዋወጠም።

ጋሽ እንዳሻው ደረታቸውን ከሰሌዳው ያላቅቃሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ በመስታወቱ ውስጥ ያዩኛል።

«አምስት ዓመት ሙሉ ስለምንሽ እምቢ ብለሽኝ» ይላሉ፣ «ዛሬ ቻልሽበት።»

ሸሚዛቸውን ይለብሳሉ። ቁልፉ አልገባ ሲላቸው ላግዛቸው እነሳለሁ፤ በእጃቸው ይከለክሉኛል።

«እዚያው ሁኚ፤ ልጅ አለሽ።» ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። «ዘውድነሽ በር ላይ ናት። ሚስቴን ታውቂያታለሽ፤ መጠየቋ አይቀርም። ለእሷም እንደዚሁ በያት። ልክ እንደዚሁ።»

ይወጣሉ። ዘውድነሽ ከአግዳሚው ተነስታ «ምን አለችህ?» ስትላቸው ይሰማኛል። መልሳቸውን ሳል ወሰደው።

በረኪና የነካ ጨርቅ ይዤ ወደ ሰሌዳው እሄዳለሁ። ከእያንዳንዱ በሽተኛ በኋላ እንወለውለዋለን፤ ይህንንም ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው። ትኩሳት ስለነበራቸው የደረታቸው ላብ ቅርጹን ትቶበታል፤ ሁለቱ ትከሻ፣ ሰፊው ደረት፣ ከላይ አገጫቸው ያረፈበት።

በሩ ይንኳኳል። ውጭ ሰው ያስላል።

«አንድ ጊዜ» እላለሁ፣ ጨርቁን እንደያዝኩ። ላቡ ከዳር ከዳር መድረቅ ጀምሯል።