የተያዘው መታወቂያ

አቶ ገብረሊባኖስ የእንጨት ሥራ ቤታቸው ለምን እንደከሰረ ለልጃቸው ለወጋሕታ ሳይነግሯት ሞቱ። እሷም እስኪሞቱ ድረስ አኩርፋቸው ነበር። ዛሬ የኪሳራ መዝገባቸውን ልታነብ፣ የሞት ምስክር ወረቀታቸውን ይዛ ልደታ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመች።

«ሰው እያነበበው ነው» አለች ሠራተኛዋ።

«የአባቴን መዝገብ? ማን?»

«አንድ አባት ናቸው። መታወቂያ አስይዘው ንባብ ክፍል ገብተዋል፤ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

«እስኪ መታወቂያውን አሳዪኝ!»

«ወይ ጣጣ! አንቺስ ችኩል ነሽ» ብላ ሰጠቻት።

የአባቷ ነበር። የሞት ምስክር ወረቀቱን ስታወጣ ወጋሕታ ራሷ ለወረዳው አስረክባዋለች፤ ዓይኗ እያየ በመቀስ ለሁለት ቆርጠውታል። አሁን ሁለቱ ቁራጮች በኮላ ተጋጥመዋል። አባቷ ጣውላ ሲያጋጥሙ እንደነበረው፣ መጋጠሚያው በጣት ካልዳሰሱት አይታወቅም።

ሠራተኛዋ ፊቷ በራ። «ቆይ፣ ልጃቸው ነሽ እንዴ? በየቀኑ እየመጡ ‹ልጄ ስትመጣ ጥሪኝ፤ እኔው ላስረዳት› ይሉኛል እኮ!»

ወጋሕታ አፏን ከፈተች። ጥሪያቸው ልትል ይሁን አትጥሪያቸው፣ አላወቀችም።

«አቶ ገብረሊባኖስ! ልጅዎ መጥታለች!»

ከንባብ ክፍሉ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።