በሰባቱም ሸማ ላይ ያለው ባለ አንድ ዓይን ሰውዬ

«ይህ አፍንጫ የኔ ነው። አውርደው።»

ባላምባራስ ፀሐዬ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ሸማ በአለንጋቸው አመለከቱ።

የሸማው ባለቤት አባይነህ አላወረደውም… ንግግርም ልማዱ አይደለም።

የአሥራ አራት ዓመቷ ልጁ ደብሪቱ ግን ፈራች። አባቷ የሚያርሰው መሬት የባላምባራስ ነው።

«እስከ እሑድ ካላቃጠልከው መሬቴን ለቀህ ትሄዳለህ» አሉና በቅሏቸውን አዞሩ።

ይህ የሆነው በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጦጦ ጥግ ነው። ተራራውን ገና ባሕር ዛፍ አልሸፈነውም… ጽድና ወይራ ብቻ።

ክረምት ሲወጣ ሰው ሁሉ ብል እንዳይበላው ልብሱን አጥር ላይ ያሰጣል። አባይነህም ሰባት ሸማ ያሰጣል… የሚለበሱ ግን አይደሉም።

አባይነህ ገበሬ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ለይቶ ወጣ፣ በቃ። እጁ ግን ሥራ ያውቃል።

ቆዳ ፍቆ ያለሰልስና የሰው መልክ ቆርጦ ያወጣበታል። ቆዳውን ሸማ ላይ ያነጥፍና በቀዳዳው ጥላሸትና ቀይ አፈር ይጠቀጥቃል። ቆዳው ሲነሣ… ሰውየው ሸማው ላይ ቀርቷል።

ደብሪቱ እስክታረጅ የናፈቀችው ያን ጊዜ ነበር። የእርጥብ ቀለም ሽታ… የአባቷ ጥቁር ጣቶች… «ያዥ»፣ «ልቀቂ» ከማለት በቀር ምንም የማይወጣው አፉ።

በሰባቱም ሸማ ላይ የተሣለው ክፉ ቀን ነው። ከብት አልቆ፣ ሰው በየመንገዱ የወደቀበት ዘመን።

አንዱ ላይ ሴት ከበቅሎ ፋንድያ ገብስ ትለቅማለች።

አንዱ ላይ በሬ ያለቀበት ገበሬ ሞፈሩን ራሱ ይጎትታል።

ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው።

በየሸማው ጥግ ግን አንድ ሰውዬ አለ… ፊቱ የእውነት ሰው ፊት ያክላል። ደጁን ዘግቶ፣ ወደ ጎን ዞሮ ቆሟል። የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በሰባቱም ላይ ያው አንድ ሰው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደዚያ የሚሣለው ክፉ ሰው መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚህ ነው።

ከባላምባራስ በፊት እሜቴ ብዙነሽ መጥተው ነበር። «ይህ አገጭ የባሌ ነው… ሰው ጉድ እንዲለን ነው?» አሉ።

ከቀበና አንድ ነጋዴም መጣ። «እኔን ነው የሣልከው» ብሎ ተቆጣ።

የኮተቤው ገበሬ ዲንሳ ብቻ አጥሩን ተደግፎ ሳቀ። «እኔ እንኳ አይደለሁም። በክፉ ቀን የምዘጋው በር አልነበረኝም… በሩን አንድጄ የምበላውን ቆዳ ቀቅዬበታለሁ።»

ቅዳሜ ደብሪቱ አላስቻላትም።

«አባዬ፣ እናቃጥለው። ሸማ ነው እኮ።»

«ዝም በይ።»

«የት እንሄዳለን ታዲያ?»

አባይነህ ፊቱን አዞረና ሸማውን አጥሩ ላይ አስተካከለ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ባላምባራስ መጡ። አሽከራቸው ችቦ ይዟል።

«አላቃጠልከውም።»

«አላቃጠልኩም፣ ጌታዬ።»

«እኔን ክፉ አድርገህ ሥለህ፣ እዚሁ መሬቴ ላይ ታሰጣኛለህ?»

አባይነህ ወደ ሸማው ሄደ… ጋቢውን ከራሱ ላይ አወረደ… ወደ ጎን ዞሮ ቆመ።

ፀሐይዋ ጥላውን ሸማው ላይ ጣለችው።

ግንባር በግንባር… አፍንጫ በአፍንጫ… አገጭ በአገጭ ላይ ገጠመ።

«ሰውየው እኔ ነኝ» አለ። «ቆዳውን ግድግዳ ላይ ወጥሬ ስቆም፣ ጥላዬን በከሰል ያሰመረችበት ሟቿ ባለቤቴ ናት።»

ደብሪቱ አባቷ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታ አታውቅም። እሱ ግን ቀጠለ።

«በክፉ ቀን አንዲት ሴት ደጄ መጣች። ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች… የጨዋ ልጅ ሲቸግረው እንዳይታወቅ ተሸፍኖ አይደል የሚለምነው? ጎታዬ ውስጥ ገብስ ነበረኝ። ‹እግዜር ይስጥልን› ብዬ ዘጋሁ። አንድ ቃል ሳትናገር ሄደች።»

ወደ ደብሪቱ ዞረ።

«በሦስተኛው ቀን ከየካ ሚካኤል ሰው ላኩብኝ። ነጠላውን ከሬሳው ላይ ስገልጠው… እኅቴ የማርያምወርቅ ነበረች።»

ደብሪቱ የምታውቀው አክስቷ በተስቦ ሞተች ሲባል ነው።

«እኔ ነኝ ብትለኝ እከፍት ነበር» አለ አባይነህ። «የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። እኅቴ ባትሆንስ ኖሮ?… ሰው አልነበረችም?»

ባላምባራስ ከበቅሏቸው ወረዱ።

«ታዲያ ለምን እኔን መሰለኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ ሸማውን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ አሽከራቸው ዞረው «ችቦውን አጥፋው» አሉ። በቅሏቸውን እየሳቡ፣ በእግራቸው ቁልቁል ወረዱ።

ስለ መሬቱም ሆነ ስለ ሸማው ዳግመኛ ያነሣ የለም።

ደብሪቱ አረጀች። አባቷ ከሞተ በኋላም ሰባቱን ሸማ በየመስከረሙ ታሰጣ ነበር። የልጅ ልጆቿ ያን ሰውዬ እያሳዩ «ይህ ክፉ ሰው ማነው?» ይሏታል።

«አባቴ ነው» ትላለች። «እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም።»

ትምህርቱ አጭር ነው።

ክፉ ሰው ሲባል ሁላችንም ቶሎ የጎረቤታችን ፊት ይመጣብናል። ጥፋቱን በራሱ መልክ ሥሎ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው አጥሩ ላይ የሚያሰጣ ስንት ነው?

እስቲ እናንተም በእውነት መልሱልን…

«እግዜር ይስጥልን» ብላችሁ ከደጃችሁ የመለሳችሁት፣ እስከ ዛሬ ከልባችሁ ያልወጣ ሰው አለ?