የሻሹ ቋጠሮ

እናትየዋ ከረጅሙ አለት ሥር ካለችው ወይራ ላይ የታሰረውን የሴት ልጃቸውን ሻሽ ጨብጠው ቆመው ነበር። ዓረብ አገር የሚሄድ ሁሉ እዚያች ዛፍ ላይ ጨርቅ ያስራል፤ ሲመለስ ራሱ ይፈታዋል። ከሞተ ግን ቤተሰቡ ይፈታለትና ሐዘን ይቀመጣል።

"እትዬ፣ ይፍቱት እንጂ! መርዶው ከጅዳ ከመጣ ሦስት ቀኑ፤ ሰዉ ለሶላት ቆሞ እየጠበቀ ነው" አላቸው ወንድማቸው።

አለቱን ሊጎበኝ የመጣ አንድ ከተሜ ካሜራውን ደቅኖ፣ "እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ አለቱን ጋረዱት" አለ።

"ሰማይ የነካ ድንጋይ በእኔ ቁመት ተጋረደ? ዓይንህን ታከም!"

ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ያዙት። ወንድማቸው እፎይ ብሎ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። ቀና ሲሉ ግን በቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ አጥብቀውበት ነበር።

"እሷው መጥታ ትፍታው" አሉ።