አጣሪዎቹ የመጡ ዕለት

ከክረምት ጀምሮ ወረዳው አመላልሶኛል። ለችግረኞች ለሚሰጠው ድጋፍ ያስገባሁትን ማመልከቻ ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ካልሆነ ሲስተም የለም። ስንት ደጅ ጠንቼ በመጨረሻ፣ “ኑሮዎን ቤትዎ ድረስ መጥተን እናጣራለን፣ ሐሙስ ይጠብቁን” አሉኝ።

ጎረቤቴ ይርገዱ ይህን ስትሰማ አፏን ያዘች።

“ታዲያ የሰው ልጅ መጥቶ መሬት ሊቀመጥ ነው?”

እውነቷን ነው። ሌላውን ሁሉ ሸጬ በልቼ የቀረኝ አንድ ፍራሽ ነው። ይርገዱ ሶፋዋን አሸክማ አመጣችልኝ። ሌሎቹም ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ብርጭቆ ከነለስላሳው አዋሱኝ።

ሐሙስ አጣሪዎቹ መጥተው ሶፋው ላይ ተደላደሉ። ሰብሳቢው ለስላሳውን ጨልጦ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ “እናቴ፣ እርስዎ እኮ ደህና ነዎት። ከእርስዎ የባሰ ስንት አለ” አለኝ። የተዋስኩት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ቤት ለመጣ እንግዳ እንዲህ ይባላል? ዋጥኩት።

እነሱ እንደወጡ ጎረቤቶቼ ዕቃቸውን ወሰዱ። ፍራሼ ላይ ተቀምጬ በንዴት ስብሰለሰል በሩ ተንኳኳ። ሰብሳቢው ነው፣ ጃንጥላውን ረስቶ። በሩ ላይ ቆሞ ባዶውን ግድግዳ አየ፤ ባዶውን ወለል አየ፤ ፍራሼን አየ። ተመስገን፣ አሁን ገባው አልኩ በሆዴ።

“ዕቃውን የት ደበቅሽው?” አለኝ።