የጋሽ ድንበሩ ጆሮ

ሚያዝያ ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣቱ ሥራ ፈላጊ ላፕቶፑን ታቅፎ ዳቦ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ጋሽ ድንበሩ ስንት ዳቦ እንደሚጋገር የሚወስኑት የእድሩን ጥሩምባ ሰምተው ነበር፤ ከተነፋ ለቀስተኛው ብዙ ነውና እጥፍ ያስጋግራሉ። ትናንት፣ "ያ ዕቃህ ጆሮዬን ከረታ ትቀጠራለህ" ብለውታል።

"የዓመቱን ሽያጭ ሁሉ አስገብቼበታለሁ" አላት ጋጋሪዋን ዘነቡን። "ዛሬ ገበያው ቀዝቃዛ ነው ይላል።"

ወዲያው ጥሩምባው ተነፋ።

"ጉድህ ፈላ!" ብላ ሳቀችበት። "በል ጋሼ ሳይመጡ እጥፍ ላቡካ።"

"እኔን ለመርታት ራሳቸው ናቸው ያስነፉት!" አለ እሱም እየሳቀ።

ለፋፊው ወደ በሩ ቀረበ። "ባለ ዳቦ ቤቱ አቶ ድንበሩ አርፈዋልና ቀብር ውጡ!"

ዳቦው እጥፍ ተጋገረ፤ ከለቅሶው ድንኳን አንድም አልተመለሰም።